የመድረክ ችሎትና የመዝገብ ችሎት

በዚህ ወር ወደ «ጠይቁን» ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ፣ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ ይኸውም በቴአትርና በፊልም የምናየው የታሪክ ችሎት በእውነት ከተካሄደው ችሎት ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በፍርድ ቤት ሬጅስትራር ክፍል መዝገብ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ወደ መዝገቡ ማድላቱ አይቀርም። አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልን።

«የሕግ ተማሪ ነኝ። በአሜሪካ አገር በቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1925 የዝግመተ ለውጥን ትምህርት አስተምሯል ተብሎ ስለተከሰሰ መምህር የሚተርከውን «ኢንኸሪት ዘ ዊንድ» የተባለ ፊልም ከተመለከትሁ በኋላ፣ መምህሩ ከእስር ቤት እየተመላለሰ እንደ ተዳኘ ለክፍል ሥራ ባቀረብሁት ጽሑፍ ላይ ጠቀስሁ። አስተማሪያችን በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበት «ይህን ማን ነገረህ?» ብለው መለሱልኝ። ፊልሙ ዋሽቶኛል ማለት ነው?»
— ከማራኪ

ፊልሙስ አልዋሸዎትም፤ እርስዎ ነዎት በማይመሰክርበት ጉዳይ ምስክር ያደረጉት። ፊልሙ የተሠራበትን ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1955 ለመድረክ ያበቁት ጄሮም ሎረንስና ሮበርት ሊ የባለጉዳዮቹን ስም ለውጠዋል፤ በመቅድማቸውም ሥራቸው ታሪክ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል። ሐሳባቸው በዘመናቸው በአሜሪካ ሰው በኮሚኒስትነት እየተጠረጠረ አፉን እንዲዘጋ ይደረግ የነበረበትን ሁኔታ በአሮጌ ችሎት ሽፋን መንቀፍ ነበር። ይሁን እንጂ መቅድም የሚያነብ ተመልካች ከየት ይገኛል? ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1960 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ያንን ችሎት የሚያውቀው በፊልሙ በኩል ብቻ ነው።

እውነተኛው ነገር እንዲህ ነው። ሕጉ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሰው ልጅ ከዝቅተኛ እንስሳ መጣ ብሎ ማስተማርን ይከለክል ነበር፤ ቅጣቱም ከ100 እስከ 500 ዶላር መቀጮ ብቻ እንጂ እስራት አልነበረበትም። ለዜጎች ነጻነት የሚሟገት አንድ ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት የሚፈትንለት መምህር እንደሚፈልግ በጋዜጣ አስነገረ። ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች በአንድ መድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ነገሩ ለከተማችን ስምና ገበያ ያመጣል ብለው ከመከሩ በኋላ፣ ጆን ስኮፕስ የተባለውን የ24 ዓመት መምህር አስጠርተው ለመከሰስ ፈቃደኛ እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም እሺ አለ። አንድም ሌሊት በእስር ቤት አላደረም። እንዲያውም ዋና ሥራው ስፖርት ማሠልጠን ስለነበረና ሥነ ሕይወትን ያስተማረው በሌላ መምህር ፈንታ ተተክቶ ስለነበር፣ ያንን ምዕራፍ በእርግጥ አስተምሮት እንደሆነ ራሱም በትክክል አያስታውስም ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው በፊልሙ ትንፋሽ የሚያስውጠው ትዕይንት ነው። ተከላካዩ ጠበቃ ክላረንስ ዳሮ፣ ከዐቃቤ ሕግ ጎን ተሰልፎ የነበረውን ታዋቂ ፖለቲከኛ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን በምስክርነት አስቀርቦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ማፋጠጡ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ቀን ሙቀቱ ስለበረታና የሕንፃው ወለል ሰው በዝቶበት ይደረመሳል ተብሎ ስለተሰጋ፣ ችሎቱ ወደ ደጅ፣ ወደ ሣሩ ወጥቶ ነበር። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ጁሪዎች በቦታው አልነበሩም፤ በማግሥቱም ዳኛው ያንን ሁሉ ጥያቄና መልስ ከመዝገቡ እንዲሰረዝ አደረገ። በፊልሙ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ የሆነው ሙግት፣ በሕግ ዓይን እንዳልተደረገ ተቆጠረ ማለት ነው። በመጨረሻም ዳሮ ራሱ፣ ጉዳዩን በይግባኝ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ለማድረስ ሲል፣ ደንበኛው ጥፋተኛ እንዲባል ጁሪዎቹን ጠየቀ፤ እነርሱም 9 ደቂቃ ያህል ተመካክረው ጥፋተኛ ነው አሉ። 100 ዶላሩም መቀጮ እ.ኤ.አ. በ1927 በይግባኝ ተሻረ፤ የተሻረበት ምክንያት ግን ሳይንስም ሃይማኖትም አልነበረም፤ ከ50 ዶላር የሚበልጥ መቀጮ በጁሪ እንጂ በዳኛ ሊወሰን አይችልም ተብሎ ነው። ብራያን በፊልሙ እዚያው ችሎቱ መካከል ይወድቃል፤ በእውነቱ የሞተው ከፍርዱ 5 ቀን በኋላ፣ ቀን ጋደም ብሎ ሳለ በእንቅልፉ ነው።

እኔ በበኩሌ የ5 ቀኗን ነገር ይቅር እላለሁ። የመድረክ ሰው የ5 ቀን ልዩነት ካላጠበበ ሥራ ሊሠራ አይችልም። እስር ቤቱን ግን በቀላሉ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ሰዎች ዐውቀውና ፈቅደው አንድን ሕግ ለመፈተን ወደ ፍርድ ቤት የሄዱበትን ጉዳይ፣ ደመ ሞቃት ሕዝብ አንድን ብቸኛ ሰው ያሳደደበት ጉዳይ አድርጎ ለወጠው። ሕጉ ተረሳ፤ ክፉ ሰዎች ብቻ ቀሩ። የታሪክ ችሎት በመድረክ ሲበላሽ በአብዛኛው የሚበላሸው በዚህ በኩል እንደሆነ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አስተውያለሁ።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምርልዎ። እ.ኤ.አ. በ1692 ሳሌም በተባለች የማሳቹሴትስ መንደር በጥንቆላ የተከሰሱ 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ አንድ ሽማግሌም የእምነት ክህደት ቃል አልሰጥም ስላለ በድንጋይ ክምር ተጭኖ ሞቷል። አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 ለመድረክ ባበቃው «ዘ ክሩሲብል» በተባለው ተውኔት፣ አቢጌል የተባለችው ከሳሽ የ17 ዓመት ኮረዳ፣ ጆን ፕሮክተር ደግሞ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ገበሬ ሆነው የሥውር ፍቅር ታሪክ ይኖራቸዋል፤ የእልቂቱም መነሻ የተገፋች ሴት ቂም ይመስላል። በመዝገቡ ግን አቢጌል የ11 ወይም የ12 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ፕሮክተር 60 ዓመት ገደማ የሆነው ሽማግሌ ነበር፤ በመካከላቸው ፍቅር ስለመኖሩ አንድም ማስረጃ የለም። ሚለር ዕድሜዋን ከፍ ማድረጉን በማስታወሻው ላይ አልደበቀም። በመድረኩ ላይ ጎልቶ የማይታየው ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ያ ልዩ ፍርድ ቤት የተከሳሹ መንፈስ በሌሊት መጥቶ አሠቃየኝ የሚለውን ቃል እንደ ማስረጃ ይቀበል ነበር። አገረ ገዢው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፍርድ ቤቱን በትኖ፣ በቀጣዩ ጥር የተሰየመው አዲስ ፍርድ ቤት ያንን ዓይነት ማስረጃ አልቀበልም ባለ ጊዜ፣ ከቀሩት ተከሳሾች አብዛኞቹ ነጻ ወጡ። ከሳሾቹም አገሩም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የማስረጃው ደንብ ነው። እኛስ ብንሆን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው እየተባለ በ«ሌባ ሻይ» ይፈረድብን አልነበረምን?

እንግዲህ የአስተማሪዎ ቀይ መስመር ተገቢ ነው። ፊልሙን በጽሑፍዎ መጥቀስ ካማረዎት፣ ለ1950ዎቹ አሜሪካ ምስክር አድርገው ይቁጠሩት፤ ለ1925 ግን ቃሉ ተቀባይነት የለውም።

«በአዘዞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለትምህርት ቤቱ በዓል ባዘጋጁት ቴአትር ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቆሞ «የኮሶ ሻጭ ልጅ!» እያለ ሲሳደብ፣ ንጉሡም ወዲያውኑ በሰንሰለት ሲያሳስሩት አሳዩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በኋላ ጠርቻቸው፣ ከሰንሰለቱ ጋር ክስም ችሎትም ነበር ብላቸው፣ «ቲቸር፣ እንዲያ ከሆነማ ቴአትሩ ይሞታል» አሉኝ። ምን ልበላቸው?»
— ከአዘዞ

እኅቴ፣ ችሎቱ የተካሄደው በዚሁ በከተማችን በጎንደር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ሄንሪ ስተርን በቤተ እስራኤል መካከል ለመስበክ የመጣ ሚሲዮናዊ ነበር። ስለ መጀመሪያ ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1862 በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የንጉሡ እናት በችግራቸው ዘመን ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ጻፈ። ተመልሶ ከመጣም በኋላ በ1856 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአገር ለመውጣት ንጉሡን ሊሰናበት በቀረበበት ጊዜ ቁጣ ወረደበት፤ ሁለት አገልጋዮቹ ተደብድበው ሞቱ፤ እርሱም በድንጋጤ ጣቱን ወደ አፉ ሲያስገባ ስለታየ «ሊበቀል ዛተ» ተብሎ ክፉኛ ተመታና ታሰረ። ጣት መንከስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደር ሰው አይነገርም፤ ስተርን ግን እንግዳ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተማሪዎችዎ ብዙ አልተሳሳቱም ነበር። አላበቃም እንጂ። የስተርንና የባልደረባው የሮዘንታል ወረቀቶች ተበረበሩ፤ መጽሐፉና ማስታወሻዎቹ ተገለጡ፤ ንጉሡን የሚነኩት ቦታዎች ተለቅመው ተተረጎሙ። በኅዳር ወር 1856 ዓ.ም. በጎንደር ጉባኤ ተሰብስቦ፣ በአገሩ የሚኖሩ አውሮጳውያንም ባሉበት፣ ክሱ ተሰማ፤ ፍትሐ ነገሥትም ተጠቅሶ ንጉሥን የሰደበ ሰው ሞት እንደሚገባው ተነገረ። የሞቱ ፍርድ ግን አልተፈጸመም፤ ሰዎቹ በእግር ብረት ቆይተው የተፈቱት የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰበት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ዓመት አልፎት መልስ አልተገኘለትም ነበር፤ በጉባኤው ላይ ያንዣበበውን ቁጣ ያለዚያ ደብዳቤ መረዳት ያስቸግራል።

አሁን ልጆቹ የሠሩትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በእነርሱ መድረክ ስድቡ ከአፍ ወደ ጆሮ በቀጥታ ይሄዳል፤ በእውነቱ ግን ባሕር ማዶ በታተመ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሰው አንብቦ የሚረዳው እምብዛም በማይገኝበት ቋንቋ ተጽፎ፣ በትርጉም አማካይነት ነው የደረሰው። በእንግሊዝኛው አንዲት እናት ተቸግራ መድኃኒት ሸጠች የሚል ወሬ፣ በአማርኛ በአደባባይ ሲነበብ፣ ከሰሎሞን ዘር ነኝ በሚል ንጉሥ ፊት የትውልድ ስድብ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ከመድረኩ ያስወጡት ሰው ተርጓሚው ነው። እስቲ ያስቡት፤ አንድ ሰው ባዕድ መጽሐፍ በእጁ ይዞ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር በንጉሡ ፊት ጮክ ብሎ በአማርኛ እንዲናገር ታዟል። ቃሉን ቢያለዝበው አታለለ ይባላል፤ እንዳለ ቢናገረው ስድቡን በአፉ ያወጣው እርሱ ነው። ይህ ነው ቴአትሩን የሚገድለው? እኔ የቴአትር ሰው ባልሆንም፣ ከጩኸቱና ከሰንሰለቱ ይልቅ የዚያ ሰው ጉሮሮ ሲደርቅ ለማየት ትኬት እቆርጣለሁ።

ሌላም የጠፋ ነገር አለ። ንጉሡን በብስጭት ብቻ የሚያስር ሰው አድርጎ ማሳየት ከሚያወድሳቸውም ከሚነቅፋቸውም ወገን ሲመጣ ያው ጉድለት ነው፤ ሕጉን ከመድረኩ ያስወጣዋል። ችሎቱ ይታይ ስል ፍርዱ ትክክል ነበር ማለቴ እንዳይመስልዎት። ተሰደብሁ የሚለውም፣ ጉባኤውን የሰበሰበውም፣ በመጨረሻ የሚምረውም የማይምረውም አንድ ሰው ነው፤ በእግር ብረት የቀረበ ሰው በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት ምን ብሎ ይከላከላል? ይህ ጥያቄ የሚነሣው ግን ተመልካቹ ጉባኤው ሲቀመጥና መጽሐፉ ሲገለጥ ካየ ነው። በጃንተከል ዋርካ ጥላ ሥር አረፍ የሚለው ወጣት ከቤተ መንግሥቱ አጥር ወዲያ ማዶ ስለነበረው የነገሥታት ፍርድ የሚያውቀው በአብዛኛው ከመድረክ ያየውን ስለሆነ፣ ልጆችዎ አንድ ትዕይንት ቢጨምሩለት ውለታ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት እንዲደግሙት ይንገሩልኝ፤ እኔም እጋበዛለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

«በቴሌቪዥን ድራማችን ሁሉ ዳኛው መዶሻ ይመታል፤ ጠበቃው እየተንጎራደደ «ተቃውሞ አለኝ!» ይላል፤ በመጨረሻም ያልታሰበ ምስክር በር ከፍቶ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ በርስት ጉዳይ ፍርድ ቤት ስመላለስ ይህን አላየሁም። ከየት አመጡት?»
— ከአርባዕቱ እንስሳ ሰፈር፣ ጡረተኛ

ከአሜሪካ ፊልም ነዋ፣ ወንድሜ። መዶሻው በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እንኳ አይታወቅም፤ እኔም ባገለገልሁባቸው ዓመታት ሲመታ አልሰማሁም። ያልታሰበውን ምስክር በተመለከተ፣ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዐቃቤ ሕጉም ተከሳሹም የምስክሮቻቸውን ዝርዝር አስቀድመው ለሬጅስትራር ይሰጣሉ፤ ያንን ወረቀት እየተቀበልሁ ከመዝገቡ ጋር ስሰፋ የኖርሁት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ምስክር ሊያስጠራ ይችላል፤ በር በርግዶ የሚገባ ግን የለም። ጁሪም የለንም፤ ስለዚህ ጠበቃው ፊቱን ወደ ታዳሚው አዙሮ የሚያሰማው ዲስኩር ማንን ለማሳመን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በእኔ ዘመን የነበረውን መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለ ለማሳየት የደፈረ ድራማ ግን እስካሁን አላየሁም። ዳኛው የምስክሩን ቃል በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ምስክሩ «ከዚያ በኋላ በሬውን ሲነዳ አየሁት» ካለ፣ ዳኛው ቀና ሳይሉ ግራ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ «ቆይ»። ጸጥ ይላል። የእስክሪብቶው ጫር ጫር ብቻ ይሰማል። «…ሲነዳ… አየሁት። እሺ፣ ቀጥል።» ጠበቃው ምንም ያህል ምላሰ ስለታም ቢሆን፣ ጥያቄው ከዳኛው እስክሪብቶ ቀድሞ ሊሮጥ አይችልም። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሐሰተኛ ምስክር የተናገረውን እያሰበ ሲያልበው፣ ሻሹን እያወለቀ ሲያጠልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ጩኸት ከሚያጋልጠው ይልቅ ያ የጽሑፍ ፋታ ያጋለጠው ይበዛል።

ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ እውነተኛ የመድረክ ለዛ የነበረውን የራሳችንን ሙግት መርሳታችን ነው። በ«በላ ልበልሃ» ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ ሸማቸውን በሥርዓት አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እየጠበቀ፣ በማር በፈረስ እየተወራረዱ፣ ዋስ እየጠሩ ይሟገቱ ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ ከተጠራ ቆሞ ይዳኝ ነበር። ተከሳሹ እንዳይጠፋ ከከሳሹ ጋር በሸማ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ሁለት ባላንጣዎች ቁራኛ ሆነው አንድ መንገድ ሲሄዱ፣ አብረው ሲያድሩ ማሳየት ለካሜራ ይከብዳልን? ይህ ሁሉ እያለ መዶሻ መበደር ምን አመጣው?

«ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔት ነኝ። ስለ ደርግ ባለ ሥልጣናት ችሎት ተውኔት እየጻፍሁ ነው። ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ፤ አንደኛ፣ በሕይወት ያለ ሰው «የእኔን ታሪክ ነው የሠራኸው» ብሎ ሊያስቆመኝ ይችላል ወይ? ስም እለውጣለሁ። ሁለተኛ፣ ኮሎኔል መንግሥቱን በተከሳሾች ሳጥን ውስጥ ካላቆምሁ ተውኔቱ ጭራና ቀንድ ያጣብኛል፤ ማቆም እችላለሁ?»
— ከፒያሳ

ስም መለወጥ ብቻውን ከለላ አይሆንም። «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻ በአርሲ በ14 ዓመቷ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ፣ ራስን በመከላከል የተደረገ ነው ተብሎ በነጻ የተለቀቀችበት እውነተኛ ጉዳይ ነው። ፊልሙ ልጅቱን «ሂሩት» ብሎ ሰየማት። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ታዳሚው ተቀምጦ ሳለ፣ የታሪኩ ባለቤት ለፍርድ ቤት ባቀረበችው አቤቱታ በትእዛዝ ታገደ፤ የታየው እግዱ ከተነሣ በኋላ ነው። ምክሬ አጭር ነው፤ በሕይወት ያለውን ሰው ሄደው ያነጋግሩ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይያዙ። በነገራችን ላይ የዚያ ጉዳይ ክብደት ያለው በጠላፊው ክፋት ብቻ አልነበረም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር፤ ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ አይችሉም ብዬ የምከለክልዎ እኔ ማን ነኝ? ነገር ግን አያቁሟቸው። ያ ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት ሙሉ። በጥር ወር የዕድሜ ልክ እስራት ተወሰነ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሞቱ ፍርድ ለብዙዎቹ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዋናው ተከሳሽ በዚምባብዌ ነበሩ፤ የተዳኙት በሌሉበት ነው። ባዶውን ቦታ በተዋናይ ከሞሉት፣ ሟቾቻቸውን ሊያስቡ 12 ዓመት የተመላለሱ ሰዎች ያላገኙትን ነገር በሁለት ሰዓት ውስጥ ለተመልካቹ ይሰጡታል፤ ፊት ለፊት አይቶ መውጣትን ማለቴ ነው። ተመልካቹ ተደስቶ ይወጣል፤ እውነቱ ግን ያ ደስታ ያልተገኘ መሆኑ ነበር። ጎንደር የዚያን ዘመን ሐዘን በአንድ አስተዳዳሪ ስም እየጠራች ያለቀሰችበትን ግጥም እርስዎም ከእናትዎ ሳይሰሙት አይቀርም። ልቅሶ እንዲያ ነው፤ በአንድ ሰው ስም ያለቅሳል። ችሎት ግን በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው ወረቀት፣ በየትኛው አንቀጽ እያለ ነው የሚጠይቀው፤ ተውኔትዎም ልቅሶውን ሳይንቅ ወደዚያ ጥያቄ መግባት አለበት።

12ቱን ዓመት ማሳጠር ግድ ነው፤ ማንም አይፈርድብዎትም። ተመልካቹ ምን እንደሚያይ ግን ከርዕሱ ጀምሮ ይወቅ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ፍርድ ስለተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ የጻፈውን ተውኔት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ሲሰይመው፣ የማሳያችሁ የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ሳይሆን ያቺን ሰዓት ነው ማለቱ ነበር፤ ማንም ተታለልሁ ሊል አይችልም።

ፍጻሜ ካጡ ደግሞ ከመዝገቡ ይዋሱ። ያ ችሎት የተከሰሱትን ሰዎች ጥፋተኛ ያለው በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 281 ነው፤ አንቀጹ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ሲደነግግ፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጨምር ነበር። ክርክሩ ሁሉ የተወጠረው በዚህ ላይ ነው፤ የተገደሉት በፖለቲካ አቋማቸው ከሆነ ወንጀሉ ዘር ማጥፋት ይባላልን? ሁለቱ ዳኞች ይባላል አሉ፤ ሦስተኛው ዳኛ በሐሳብ ተለይተው የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዘገቡ። በሁለተኛው ገቢር ሦስቱን ወንበሮች ጎን ለጎን ያድርጓቸው፤ የብዙኃኑ ፍርድ ከተነበበ በኋላ መብራቱን አያጥፉት። ተመልካቹ አለቀ ብሎ ሊነሣ ሲል ሦስተኛው ዳኛ ወረቀታቸውን ይግለጡ። ለዚያ ቦታ ዝግ ብሎ ማንበብ የሚችል ተዋናይ ይፈልጉ።